የወንድና የሴት ቆሮሶ የአንጀት ባክቴሪያ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከሐዋሳ ሐይቅ እስከ ዳታው

ጥያቄው አጭር ነው። አንድ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ አንድ መኖ የሚበሉ ወንድና ሴት ቆሮሶ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ይለያያል ወይ? ከተለያየስ ልዩነቱን ያመጣው ጾታው ራሱ ነው ወይስ ጾታው ያስከተለው አኗኗር? ቆሮሶ፣ ማለትም ናይል ቲላፒያ፣ ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ትታቀፋለች፤ በዚያ ጊዜ መብላት ታቆማለች ማለት ይቻላል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋ ቆፍሮ ጎጆውን ይጠብቃል። በእርባታ ጣቢያ ደግሞ “ወንድ” ከሚባለው ግማሽ ያህሉ በዘረመል ሴት ሆኖ ሳለ በሆርሞን ወንድ የተደረገ ነው። እነዚህን ሳይለዩ ጾታ የሚል አንድ አምድ ብቻ ይዞ ሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤን ቅደም ተከተል በማሽን ማንበብ) ውስጥ መግባት ገንዘብ መበተን ነው።

ሥራው የተነሳው ከአንድ ተግባራዊ ስጋት ነው። የመኖና የፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) ሙከራዎች በብዛት የሚሠሩት በሆርሞን ወንድ በተደረጉ ዓሦች ላይ ነው፤ ውጤቱ ግን ለእናት ዓሦችም እንደሚሠራ ተደርጎ ይወሰዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. ቦልኒክና ባልደረቦቹ ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ ያወጡት ሥራ በስቲክልባክና በፐርች ዓሦች አንድ ዓይነት ምግብ የወንዱንና የሴቷን የአንጀት ባክቴሪያ በተለያየ መንገድ እንደሚለውጥ አሳይቷል። ቆሮሶም እንደዚያ ከሆነ ከወንድ ኩሬ የተገኘን ውጤት ወደ እናት ዓሦች ገንዳ መገልበጥ ትልቅ ስህተት ነው።

መስከረም፣ 1ኛ እና 2ኛ ሳምንት። ዕቅድና ፈቃድ

ሲኩዌንሲንጉ ውጭ አገር ስለሚሠራ መጀመሪያ የተጀመረው ወረቀቱ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ለመጠቀም ማግኘት) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የባክቴሪያ ዲኤንኤንም ይመለከታል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ሥራውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀራል። ሌላው ነገር ማጓጓዣው ነው። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ አንጀት ተቀጣጣይ ጭነት ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ችግር ያመጣል። ስለዚህ ዲኤንኤው እዚሁ ወጥቶ፣ በቫኪዩም ሴንትሪፉጅ ደርቆ እንዲላክ ተወሰነ።

የሙከራው ሂሳብ የተሠራው ከዲኤንኤ ማውጫ ኪቱ ተነስቶ ነው። አንድ ኪት 50 ናሙና ያወጣል። የመጀመሪያው ዕቅድ 24 ዓሣ፣ ከእያንዳንዱ የአንጀት ይዘትና የአንጀት ግድግዳ፣ በድምሩ 48 ነበር። ለባዶ መቆጣጠሪያ (ናሙና ሳይገባበት አብሮ ለሚሠራ ቱቦ) 2 ቦታ ብቻ ቀረ፤ ለውኃና ለመኖ ምንም የለም። ይህ አያስኬድም። ተቀንሶ እንዲህ ሆነ፦ 20 ዓሣ በሁለት 40፣ የሐይቅ ውኃ 3፣ ባዶ መቆጣጠሪያ 4፣ ይዘቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የ8 ባክቴሪያና የ2 እርሾ ቅልቅል 1። 48 ሆነ፤ ሁለቱ ለድጋሚ ቀሩ። በናሙና 30 ዶላር ገደማ ሲታሰብ ባዶ ቱቦ ለመሲኩወንስ መክፈል ያሳዝናል። ግን ያለ ባዶ መቆጣጠሪያ የቀረው ሁሉ አይታመንም፤ ምክንያቱ ታች በኅዳርና በየካቲት ይመጣል።

መስከረም፣ 3ኛ ሳምንት። የመጀመሪያው ናሙና፣ ሙሉ በሙሉ የተጣለ

ዓሣ የተገዛው ጠዋት የሐዋሳ ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ፣ ሌሊቱን መረብ ውስጥ ካደረው ነው። 14 ዓሣ ተከፈተ፤ አንዱም አልዋለም።

አንደኛ፣ መረብ ውስጥ የሞተበት ሰዓት አይታወቅም። ሐይቁ ሞቃት ነው፤ ዓሣው ከሞተ በኋላ አንጀቱ ውስጥ የሚባዙት በሕይወቱ ሳለ ከነበሩት ጋር አንድ አይደሉም። ሆድ ሲከፈት አንጀቱ ለስልሶ በመቆንጠጫ ሲያዝ የሚበጠስ ከሆነ ያ ናሙና ያለቀለት ነው። ጾታን በተመለከተ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው፦ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ስለሚገዝፍ እንደ መረቡ ዓይን ስፋት የሚያዘው ጾታ ይለያል፤ የሚያዝበትም ሰዓት ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አልኮሉ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው 70 ከመቶ ነበር። የአንጀት ናሙና ራሱ ውኃ ስላለው ሲገባበት ወደ 60 ይወርዳል፤ በዚህ መጠን ባክቴሪያው እየተለወጠ ይቆያል። ቢያንስ 95 ከመቶ፣ ቀለም ያልተጨመረበት፣ ከናሙናው 5 እጥፍ በላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ በማርከር የተጻፈው ቁጥር በአልኮል ታጠበ። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ላይም በመርፌ ይጫራል።

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት። ሁለተኛው ናሙና

አስጋሪዎቹ በሚጎተት መረብ ዳርቻ ላይ የያዙትን በሕይወት እንዲያመጡ ስምምነት ተደረገ፤ በአንድ ዓሣ ከገበያው ዋጋ 60 ብር ጭማሪ። በ100 ሊትር በርሜል፣ በባትሪ በሚሠራ አየር መንፊያ፣ ከጀልባው እስከ መክፈቻው ጠረጴዛ 25 ደቂቃ።

ሰዓቱ የተመረጠው በምክንያት ነው። ቆሮሶ የቀን በላተኛ ነው፤ ሌሊት ሆዱ ባዶ ይሆናል። የሆዱ አሲድ የሚወጣው መብላት ሲጀምር ነው፤ አሲዱ ሲበረታ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከ2 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የዋጠው አልጌ አሲዱ ሳያገኘው አረንጓዴ እንደሆነ ያልፋል፤ ከሰዓት የሚያልፈው ግን ቡናማ ሆኖ፣ ሴሉ ፈርሶ ነው። ግማሹን ዓሣ ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት መክፈት ሁለት የተለያዩ አንጀቶችን ማወዳደር ነው። ሁሉም ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ተከፈተ፤ ወንድና ሴት እየተፈራረቀ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ።

ማደንዘዣ ላይ አንድ እርማት ተደረገ። የቅርንፉድ ዘይት በአልኮል 1 ለ 9 ተበጥብጦ፣ ከዚያ በሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ሲጨመር ዓሣው በደቂቃዎች ይደነዝዛል፤ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ነገር ግን ውስጡ ያለው ዩጀኖል ፀረ ባክቴሪያ ነው። ለአንጀት ናሙና ብዙም ስጋት የለውም፤ ከቆዳና ከስንጥብ የሚጠረገውን ናሙና ግን ያበላሻል። የቆዳ ናሙና የሚወሰድለት ዓሣ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ማደንዘዣው።

ጾታ መለየት። ጀርባውን አስተኝቶ ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ማየት ነው። ወንዱ በድምሩ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ ፊንጢጣው፣ ከጉብታው ጫፍ ደግሞ ሽንትና ዘር በአንድ የሚወጡበት። ሴቷ ሦስት፦ ፊንጢጣዋ፣ መሃል ላይ በአግድም የተሰነጠቀ የእንቁላል መውጫ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሽንት ቀዳዳ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ጂቪ አንድ ጠብታ ሲቀባ ስንጥቋ ትጎላለች። ጂቪም ባክቴሪያ ገዳይ ነው፤ የፊንጢጣ ናሙና በጥጥ የሚወሰድ ከሆነ ቀለሙ ከናሙናው በኋላ ይቀባል። በዚህ መንገድ ከተለዩት 20 ዓሦች ሆዳቸው ሲከፈት 3ቱ ስህተት ሆነው ተገኙ፤ ሁሉም ከ60 ግራም በታች የሆኑ ትንንሾች። ስለዚህ የመጨረሻው ጾታ የሚመዘገበው የእንቁላሉ ከረጢት ወይም የዘር ፍሬው በዓይን ታይቶ፣ ተመዝኖ ነው። ክብደቱ ለዓሣው ክብደት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የመራቢያ ደረጃውን ያሳያል። ይህችን ቁጥር አለመመዝገብ በኋላ ይቆጫል፤ እንቁላል የሞላባት ሴትና ገና ያልደረሰች ሴት አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ።

አከፋፈት፦ የሆዱ ውጪ በ70 ከመቶ አልኮል ይጠረጋል። መቀስ ሁለት ነው፤ አንዱ ለቆዳ፣ ሌላው ለአንጀት ብቻ። በዓሦች መካከል መቀሱ አሥር እጥፍ በተበጠበጠ በረኪና 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል፣ በአልኮል ነክሮ በእሳት። በረኪናው በደንብ ካልታጠበ የናሙናውንም ዲኤንኤ ይበላል። የሐሞት ከረጢቱ እንዳይፈነዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሐሞት ጨው ፒሲአርን (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራ) ያግዳል። ሁለት ላይ ፈንድቶ ቱቦው ላይ ምልክት ተደረገ።

የቆሮሶ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት 5 እጥፍ ያልፋል። “አንጀት” ብሎ ካገኙበት መቁረጥ ከዓሣ ዓሣ የተለያየ ቦታ መውሰድ ነው። እዚህ የተወሰደው ከፊንጢጣው ወደ ላይ ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፦ ይዘቱ ተጨምቆ ለብቻ፣ ግድግዳው በንጹሕ የጨው ውኃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ለብቻ። ከእያንዳንዱ ዓሣ የሆዱ ሙላት ከ0 እስከ 4 ነጥብ ተሰጠው። ይህን ነጥብ ለመስጠት 10 ሴኮንድ አይፈጅም፤ በኋላ ግን የሥራውን ውጤት የገለበጠው እሱ ነው።

የሐይቁ ውኃ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ይጣራል። አረንጓዴ ስለሆነ 150 ሚሊ ሊትር ላይ ተደፈነ። በወፍራም ማጣሪያ አስቀድሞ ማሳለፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን አልጌ ላይ የተጣበቀው ባክቴሪያ አብሮ ይቀራል፤ ዓሣው የሚበላው ደግሞ በትክክል እሱን ነው። ሦስት ማጣሪያ ተከታትሎ መጠቀም ተመረጠ።

ጥቅምት፣ 4ኛ ሳምንት። ዲኤንኤ ማውጣት፣ ትልቁ ስህተት

አልኮሉ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ ይፈሳል፤ ክዳኑ ተከፍቶ 10 ደቂቃ ይደርቃል። የቀረ አልኮል ካለ የሴሉ መፍረስ ይቀንሳል። 150 ሚሊ ግራም ይዘት፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ዶቃ፣ በአግድም በሚይዝ ቮርቴክስ (መንቀጥቀጫ) ላይ በሙሉ ፍጥነት 10 ደቂቃ። ዶቃ ሳይኖር በሙቀትና በኢንዛይም ብቻ ከወጣ ግራም ፖዘቲቭ የሆኑት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች ይጎድላሉ። ቁጥሩ የታወቀው ቅልቅል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከስምንቱ አምስቱ ግራም ፖዘቲቭ ናቸው፣ ሲጎድሉ ወዲያው ይታያል።

ስህተቱ ይህ ነው፦ ሰኞ የወንዶቹ ቱቦዎች፣ ማክሰኞ የሴቶቹ ወጡ። በቁጥር ቅደም ተከተል ለመሥራት ስለሚመች ነበር። በዚህ ሁኔታ ሰኞና ማክሰኞ የሚለያዩበት ነገር ሁሉ፣ የተከፈተው የሪኤጀንት ጠርሙስ፣ የክፍሉ አቧራ፣ የእጅ ፍጥነት፣ “ጾታ” መስሎ ይወጣል። በስታቲስቲክስ የሚታረም አይደለም፤ ቀኑና ጾታው አንድ አምድ ሆነዋል። የተረፈው ይዘት ስለነበረ አዲስ ኪት ተከፍቶ ሁሉም እንደገና ወጣ፤ በሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር እኩል ወንድና ሴት፣ ቅደም ተከተሉ በኮምፒውተር ዕጣ፣ በየዙሩ አንድ ባዶ። አራተኛው ባዶ መስክ ላይ አልኮል ብቻ ተደርጎበት ክዳኑ ተከፍቶ የተዘጋው ነው። የአንድ ሙሉ ኪት ዋጋ ሄደ። ይህ ማስታወሻ ከሌላው ሁሉ ለዚህች አንቀጽ ቢነበብ ይበቃል።

ኅዳር። ፒሲአር

ፕራይመሮቹ (የሚባዛውን የዲኤንኤ ክፍል የሚወስኑት አጫጭር ቁራጮች) 341 ኤፍ እና 805 አር፤ ባክቴሪያ ከሚለይበት ከ16 ኤስ ጂን ቪ3 እና ቪ4 የሚባለውን ክፍል ያነሳሉ፤ ባንዱ (በጄል ላይ የሚታየው የተባዛው ዲኤንኤ መስመር) 460 ቤዝ አካባቢ ይጠበቃል። 25 ማይክሮ ሊትር፦ ሚክስ 12.5፣ ከእያንዳንዱ ፕራይመር በ1 ማይክሮ ሞላር 5፣ ዲኤንኤ በማይክሮ ሊትር 5 ናኖ ግራም የሆነው 2.5። 95 ዲግሪ 3 ደቂቃ፤ 25 ዙር 95፣ 55 እና 72 እያንዳንዱ 30 ሴኮንድ፤ መጨረሻ 72 ላይ 5 ደቂቃ።

ከ40ው 11ዱ ባንድ አልሰጡም። የዲኤንኤ መጠን በሚለካው ናኖድሮፕ ላይ በቂ ዲኤንኤ ይታያል፤ በሌላው መለኪያ በኩቢት ላይም አለ። ዲኤንኤ እያለ ፒሲአር ካልሠራ የሚጠረጠረው አጋጅ ነገር ነው፦ ሐሞት፣ ዓሣው ከሐይቁ ግርጌ የዋጠው ጭቃ። 1 ለ 10 ሲቀጠን 8ቱ ሠሩ፤ አጋጁን የሚይዝ ፕሮቲን፣ ቢኤስኤ፣ ሲጨመር 2ቱ። አንዱ ሐሞት የፈሰሰበት ነው፤ ተተወ።

በመካከሉ ደካማዎቹን ለማዳን ዙሩ ወደ 35 ከፍ ተደርጎ ነበር። ደካማዎቹ ባንድ አወጡ፤ ባዶ መቆጣጠሪያዎቹም አወጡ። ሪኤጀንት ውስጥ ያለው ትንሽ የባክቴሪያ ዲኤንኤ በዙር ብዛት ይነሳል። ወደ 25 ተመልሷል፤ በ25 ዙር የማይወጣ ናሙና አይላክም።

መብራት ሁለት ጊዜ በዙር መካከል ጠፋ። በግማሽ የቆመ ፒሲአር አይቀጠልም፤ ይደፋል። ከዚያ ማሽኑ በዩፒኤስ ላይ ሆነ፤ የማሽኑን ማሞቂያ ለመሸከም 1500 ቪኤ ያስፈልጋል፣ ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ወዲያው ይጠፋል።

ታኅሣሥና ጥር። ገንዳዎቹ

የሐይቅ ዓሣ ብቻውን ጥያቄውን አይመልስም፤ ማን የት ዋለ፣ ምን በላ አይታወቅም። ስለዚህ 6 ገንዳ፣ እያንዳንዱ 1000 ሊትር፣ በእያንዳንዱ 3 ወንድና 9 ሴት፣ ከ90 እስከ 120 ግራም። ወንድና ሴት የግድ አንድ ገንዳ ውስጥ መሆን አለባቸው። ወንድ በአንድ ገንዳ፣ ሴት በሌላ ገንዳ ከተደረገ የሚለካው የገንዳ ልዩነት ነው፤ አንድ ውኃ የሚጠጡ ዓሦች አንዱ የሌላውን ኩስ ስለሚውጡ ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ንጽጽሩ የሚሠራው በየገንዳው ውስጥ ነው።

መኖው ከስንዴ ፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎ፣ ከአኩሪ አተርና ከዓሣ ዱቄት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከክብደታቸው 2 ከመቶ። የውኃው ሙቀት ከ24 እስከ 26። ወንዶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሴት ገደሉ፤ ባለ 6 ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ተቆርጦ መሸሸጊያ ሲገባ ግድያው ቆመ።

ታቃፊ ሴት የምትለየው የታችኛው መንጋጋዋ ሲያብጥና መኖ ሲበተን ሳትመጣ ስትቀር ነው። በሻካራ መረብ ስትነሳ እንቁላሏን ትተፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ታቃፊ አይደለችም። ለስላሳ መረብ፣ ጭንቅላቷ ከውኃ ሳይወጣ፣ ከነውኃው በባልዲ። ከተፋች አትወሰድም፤ ቀኑ ይመዘገባል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ታቃፊዋ በ8ኛው ቀን ስትከፈት አንጀቷ ባዶ ነው፤ በዓይን የሚታይ ቢጫ ንፍጥ ብቻ። ከሚበላ ወንድ ጋር ብትወዳደር ልዩነት መውጣቱ አያስደንቅም፤ ግን ልዩነቱ የጾም ነው ወይስ የሴትነት? ይህን ለመለየት የጾመ ወንድና የጾመች ታቃፊ ያልሆነች ሴት ያስፈልጋሉ። ወደ ሌላ ገንዳ ማውጣት ውኃውን ይለውጣል። መፍትሔው ሃፓ ሆነ፦ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ዓይን የመረብ ከረጢት እዚያው ገንዳ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ግርጌው ከገንዳው ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። በየገንዳው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለ8 ቀን እዚያ ጾሙ።

የመጀመሪያው ሃፓ አልሠራም። የሚሰምጠው መኖ በመረቡ ዓይን እየገባ ጾመኞቹ በሉ፤ ሲከፈቱ አንጀታቸው ግማሽ ሙሉ። መኖው በቱቦ ክበብ ውስጥ ብቻ እንዲበተን፣ ክበቡም ከሃፓው በተቃራኒ ጥግ እንዲታሰር ተደረገ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ይጠለፋል። ሃፓው ላይ በ4ኛው ቀን አረንጓዴ ልጣጭ ይበቅላል፤ ቆሮሶ ይግጠዋል። በየሁለት ቀኑ በንጹሕ መቀየር ግድ ነው።

ጥር፣ ጎን ለጎን። የሆርሞን ቡድን

መጀመሪያ የታሰበው በሆርሞን የተለወጡትን ከእርባታ ጣቢያ መግዛት ነበር። ተተወ፤ ከሌላ ኩሬ፣ ከሌላ ወላጅ፣ በሌላ መኖ ያደገ ዓሣ ከኛ ጋር ቢለያይ ምክንያቱ አይታወቅም። አንድ የአፍ ሙሉ ጫጩት ተወስዶ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለ28 ቀን 17 አልፋ ሜቲልቴስቶስቴሮን ያለበት፣ በኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም፣ ግማሹ አልኮል ብቻ የተረጨበት ያንኑ መኖ። ሆርሞኑ በ500 ሚሊ ሊትር 95 ከመቶ አልኮል ይሟሟል፣ በደቃቁ መኖ ላይ ይረጫል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ያበላሸዋል። ጓንትና ጭምብል የግድ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ አትነካውም። የታጠበበት ውኃ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ አይደፋም።

በዘረመል ሴት የሆነውን ወንድ ከእውነተኛው ወንድ ለመለየት የጾታ ማርከር (በጾታ የሚለያይ የዲኤንኤ ምልክት) ፒሲአር አለ፤ ግን ማርከሩ በሁሉም የቆሮሶ ዘር ላይ እኩል አይሠራም። መጀመሪያ በተከፈቱት፣ ጾታቸው በዓይን በታወቀ የሐዋሳ ዓሦች ላይ ሳይፈተሽ ጥቅም ላይ አይውልም።

የካቲት። የመጀመሪያው ዳታ

የሐይቁ ዓሦች ሲኩዌንስ መጣ። በዳዳ2 ፕሮግራም ተጣርቶ የባክቴሪያ ስም ማመሳከሪያ በሆነው በሲልቫ 138 ተሰየመ። የመጀመሪያው ሥራ የክሎሮፕላስት ዲኤንኤን ማውጣት ነው፤ አልጌ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ በአንዳንድ ናሙና ከግማሽ በላይ የሚሆነው የባክቴሪያ ሳይሆን የአልጌ ነው። ወጥመድ አለበት፦ ሲልቫ ክሎሮፕላስትን ከሳያኖባክቴሪያ ሥር እንደ አንድ ኦርደር (የምደባ ደረጃ) ያስቀምጠዋል። “ሳያኖባክቴሪያ” የሚለውን ሁሉ ከደመሰሱ እውነተኛው ሳያኖባክቴሪያ ማይክሮሲስቲስም አብሮ ይጠፋል። ሚቶኮንድሪያም በሪኬትሲያሌስ ሥር ነው፤ እሱን በፋሚሊው ስም ብቻ ማውጣት።

በቆሮሶ አንጀት የሚጠበቀው ሴቶባክቴሪየም በብዛት አለ። ቫይታሚን ቢ12 የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ ቆሮሶ ቢ12 በመኖ ሳይሰጠው የሚያድገው አንጀቱ ውስጥ ስለሚመረት ነው። ከጾታ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ለእናት ዓሦች መኖ ቀጥተኛ ትርጉም ስለሚኖረው በተለይ እሱን ማየት ተፈለገ።

ናሙናዎቹ እንደ መመሳሰላቸው ተቀራርበው ወይም ተራርቀው በነጥብ በተቀመጡበት የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ወንዶቹና ሴቶቹ ተለያይተው ወጡ። በጣም የሚያምር ሥዕል ነበር። ከዚያ ነጥቦቹ በጾታ ሳይሆን በሆድ ሙላት ቀለም ተቀቡ። ርቀው የወጡት ሴቶች በሙሉ 0 እና 1 ነጥብ ያላቸው ናቸው። እነሱ ሲወጡ የቀሩት ሴቶች ከወንዶቹ መሃል ገቡ። ይህ “የጾታ ልዩነት የለም” ማለት አይደለም፤ በቀረው የዓሣ ቁጥር ትንሽ ልዩነት ቢኖርም አይታይም። ግን የመጀመሪያው ሥዕል እንደዚያው ቢወጣ ኖሮ ውሸት ነበር።

ሁለተኛ ነገር፦ ባዶ አንጀት ዲኤንኤው ትንሽ ነው። ትንሽ ዲኤንኤ ያለው ናሙና ውስጥ የሪኤጀንቱ ባክቴሪያ ድርሻ ይገዝፋል። ከባዶዎቹ ሴቶች መካከል ራልስቶኒያና ብራዲራይዞቢየም ወጡ፤ ሁለቱም በባዶ መቆጣጠሪያው ውስጥ አሉ። ሴቶቹ ብቻ የጾሙበት ጥናት ላይ ይህ “የሴት ባክቴሪያ” ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። ዲኮንታም በሚባለው ፕሮግራም፣ የዲኤንኤውን መጠን በማስገባት፣ መጠኑ ሲያንስ የሚበዙት ተለይተው ወጡ። በስም ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ሪኤጀንት ውስጥም ሐይቁ ውስጥም ይኖራሉ።

ስታቲስቲክሱ ላይ፦ ቡድኖች በባክቴሪያ ስብጥር መለያየታቸውን የሚፈትነው ፐርማኖቫ በአዶኒስ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ተለዋዋጮቹ በተራ ከተቆጠሩ፣ ቅደም ተከተላቸው ውጤቱን ይለውጣል። ጾታ መጀመሪያ ሲጻፍ የሆድ ሙላቱንና የርዝመቱን ድርሻ ጨምሮ ይወስዳል። “ማርጅን” በሚለው አማራጭ እያንዳንዱ ከሌሎቹ በኋላ የቀረው ብቻ ይቆጠራል። ለገንዳዎቹ ዳታ ደግሞ ፈተናው ናሙናዎቹን በዕጣ ማቀላቀሉ በየገንዳው ውስጥ ብቻ እንዲሆን መገደብ አለበት። ከዚያ የቡድኖችን ስፋት የሚያወዳድረው ቤታዲስፐር፦ ሁለት ቡድን መሃላቸው አንድ ሆኖ የአንዱ ስፋት ብቻ ቢበልጥ ፐርማኖቫ “ይለያያሉ” ሊል ይችላል። የታቃፊዎቹ ስፋት ከሌሎቹ እንደሚበልጥ ካሁኑ ይጠረጠራል፤ አንዷ በ3ኛ ቀን፣ ሌላዋ በ10ኛ ቀን ያለች ከሆነ አንድ ቡድን አይደሉም። ስለዚህ የመታቀፍ ቀኑ እንደ ቁጥር ይገባል።

መጋቢት። የቀረው

ከ6ቱ ገንዳ የ5ቱ ናሙና ወጥቶ ደርቋል። 4ኛው ገንዳ ላይ አየር መንፊያው ሌሊት ቆሞ 9 ዓሣ ሞተ፤ ቢተካም አዲሶቹ ዓሦች የራሳቸውን ባክቴሪያ ይዘው ስለሚመጡ ገንዳው ከሙከራው ወጣ። በቀሩት ገንዳዎች ላይ በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ መንፊያ ተጨምሯል።

የመኖው ናሙና በመጀመሪያው ዙር አልተላከም ነበር፤ በዚህኛው 2 ቱቦ ገብቷል። ፉርሽካውና ፋጉሎው ላይ ያለው ባክቴሪያ በሚበሉት ዓሦች ላይ ብቻ ስለሚታይ እሱን ሳያውቁ ጾመኛን ከሚበላ ማወዳደር አይቻልም።

የሆርሞን ቡድኑ ጫጩቶች 40 ግራም ደርሰዋል። በ80 ግራም ይከፈታሉ፤ ከዚያ በፊት ጾታቸው በዓይን አይታመንም። ማርከሩ በ12 የታወቁ ዓሦች ላይ ተሞክሮ 10ሩን በትክክል ለየ። ይህ ስለማይበቃ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ ማርከር ይሞከራል፤ ፕራይመሩ ታዟል።